ሣጥኑ ባዶ ነው

ዛሬም አመዳይ ጥሎ አደረ። ኅዳር ላይ ደብረ ብርሃን እንዲህ ናት። ዘንድሮ ግን ብርዱን የምለካው በራሴ ገላ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሣጥኑ ውስጥ የሰቀልኩትን ቴርሞሜትር አየሁት፤ 11 ዲግሪ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቅዳሜ ይመጣሉ። ሁለት ጊኒ ፒጎች፣ ጅራት የሌላቸው ትናንሽ ሣር በል እንስሳት፤ ሁለቱም ሴቶች። የአዲስ አበባዋ ልጅ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው ከሄዱበት ግቢ፣ ከዶሮ ቤት ውስጥ ነው ያወጣቻቸው።

የሚስማማቸው ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ያለ ቤት ነው። ከ15 በታች ሲወርድ፣ በተለይ እርጥበትና ነፋስ ከተጨመረበት፣ የሳምባ ምች ቶሎ ይይዛቸዋል። ብርዱ ደግሞ ከሲሚንቶው ወለል ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሣጥኑ በጡብ ላይ ከፍ ብሏል፤ ከሥሩ ሦስት ድርብ ካርቶን፣ በሦስት ጎኑ የመንዝ ባና። ፊቱ ክፍት ነው፤ ላዩ ለድመት ሲባል በሽቦ ወንፊት ብቻ ተከድኗል። ጨርሶ ከታፈነ የሽንቱ ሽታ ይጠራቀምና ከብርዱ የባሰ ሳምባ ይጎዳል። ሌሊት ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ እንዲኖር በአንዱ ጥግ ብቻ። ከሰል በፍጹም አይሆንም። ጭሱ ባይታይም ለሰው የማይበጀው እነሱን ይገድላል።

ባናውንም ውስጥ ማንጠፍ አይገባም። ሱፍ ሽንት ይዞ ይቀራል፣ ክሩም ጥፍራቸውን ያጠምዳል። የሚነጠፈው ያ ለስላሳው፣ እርጥበት ወደ ታች የሚያሳልፈው ስስ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሥሩ ፎጣ። ሰጋቱራ በየእንጨት ቤቱ ሞልቷል፤ አብዛኛው ግን የጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ነው። እኛ የምንወደው ያ ሽታ ለእነሱ አፍንጫና ሳምባ የሚያስቆጣ ዘይት ነው። የሽቦ ወለልም አይሆንም፤ መዳፋቸው ይቆስልና ቁስሉ ወደ አጥንት ይዘልቃል። የሣጥኑ ስፋት 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለሁለት ከዚህ ብዙ ማነስ የለበትም። ውስጡ ሁለት መደበቂያ አለ፣ እያንዳንዱም ሁለት በር። አንድ በር ብቻ ከሆነ አንዷ ሌላዋን ውስጥ አፍና ትይዛታለች።

ትልቁ ነገር ግን ድርቆሽ ነው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ የሚያሳጥረው ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ማኘክ ነው። ድርቆሽ ከተቋረጠ የኋላ ጥርሶቹ ያድጉና ምላስን እንደ ድልድይ ይሻገሩታል፤ ያኔ ምግብ ፊቷ ተቀምጦ ትራባለች። ጥሩ ድርቆሽ በእጅ ይታወቃል። ዛሬ ከመጡት ሁለት እስሮች አንዱን ፈታሁት፤ ከውጭ ቢጫ ነው፣ ከውስጥ ግን አረንጓዴነቱ አልጠፋም፣ ሲሸተት ይጣፍጣል። ሁለተኛው ሲራገፍ ግራጫ አቧራ አወጣ፤ መሐሉን ስጨብጠው ደግሞ ይሞቃል። እርጥብ ሆኖ ነው የታሰረው፤ ሻግቷል። መለስኩት። ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም። የገብስ ገለባም ሹሉ ጫፍ ዓይንና ድድ ይወጋል። አልፋልፋ የሚባለው መኖ ለግልገልና ለእርጉዝ ነው፤ ለሌላው ጎልማሳ ካልሲየሙ በዝቶ ፊኛ ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ድርቆሹ የሚቀመጠውም በጆንያ ነው እንጂ በማይተነፍስ ፕላስቲክ አይደለም።

እትዬ እስሩን አይተው ገቡ። «ልጄ፣ በግ ልትገዢ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቀጥለው የጠየቁት ሁሉም የሚጠይቀውን ነው፦ «ይበላል?»

ይበላል፣ በአገሩ። ስሙ እንደሚለው የጊኒም አይደለም፣ አሳማም አይደለም። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንስሳ ነው፤ ፔሩና ቦሊቪያ ውስጥ ከእኛ ከፍታ በሚበልጥ ደጋ ላይ ሰዎች በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት በማድ ቤታቸው አርብተውታል። እትዬ ይህን ሲሰሙ «የደጋ ልጅ ከሆነማ ምን አስጨነቀሽ?» ብለውኝ ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ይቺ ንግግር አልለቀቀችኝም። እውነት ነው፣ የደጋ ነው። ግን ደጋውን የቻለው ብቻውን አይደለም፤ በምድጃ አጠገብ፣ በመንጋ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ነው። ለዚህ ነው አንዷን ብቻ መውሰድ የማይገባው። ጥንቸልም ጓደኛ አትሆናቸውም፤ በእርግጫዋ ትጎዳቸዋለች፣ እሷን የማያሳምማት ተህዋስም እነሱን ያሳምማል።

መንጋ ውስጥ የሚኖር፣ አውሬ አድኖ የሚበላው እንስሳ ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል። የደከመው መጀመሪያ የአውሬ ሲሳይ ይሆናልና። ጊኒ ፒግ ታማ ሳለ ድርቆሹ አጠገብ ቆማ የምትበላ ትመስላለች። ስለዚህ የሚታመነው ዓይን ሳይሆን ሚዛን ነው። በኩሽና ዲጂታል ሚዛን፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በየቀኑ፣ ከዚያ በየሳምንቱ። 900 ግራም የነበረች 850 ከሆነች ምክንያቱ ይፈለጋል፤ 90 ግራም ከቀነሰች ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ለ12 ሰዓት ምንም ካልበላች አንጀቷ መሥራት ሊያቆም ይችላል። ኩሱም ይታያል፤ ደህናው ሞላላና ለስላሳ ነው፣ ካነሰ ወይም ጫፉ ከሾለ ችግር አለ።

ቪታሚን ሲን እንደ እኛ ሰውነታቸው አይሠራውም። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋል። 30 ግራም የማያቃጥል የፈረንጅ ቃሪያ አብዛኛውን ይሸፍናል። ውሃ ውስጥ ማሟሟት ከንቱ ነው፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙም ውሃውን ያስጠላል። ከጎደለ በሁለት በሦስት ሳምንት ፀጉራቸው ይሻክራል፣ መገጣጠሚያቸው ያብጣል፣ ሲነኩ ይጮኻሉ። ቆስጣ በየቀኑ አይሰጥም። የድንች ቅጠል፣ ሽንኩርትና አቮካዶ ጭራሽ።

እዚህ ለበግና ለከብት የሚሆን መድኃኒት አይጠፋም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ለበግ የሚወጋው ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን፣ ለሰው የሚሰጠው አሞክሲሲሊንም፣ ጊኒ ፒግን ይገድላል፤ አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ደግ ባክቴሪያዎች ጨርሶ ለመርዘኛው ባክቴሪያ ቦታ ይለቃል። በቅን ልብ የተወጋች አንዲት መርፌ ትበቃለች። ለእከክ የሚሰጠው አይቨርሜክቲንም መጠኑ ለበግ የተሠራ ነው፤ በግራም ተሰልቶ ካልሆነ አይነካም። ይህን በትልቁ ጽፌ የሣጥኑ ጎን ላይ ለጠፍኩት፤ እኔ በሌለሁበት ሰው ለመርዳት ቢሞክር እንዲያነበው።

ከዚያ ወረቀቱ ፊት ቆሜ ሳለሁ ያልጻፍኩት ነገር ትዝ አለኝ። ዶሮ ቤቱ ውስጥ ወንዶችም ነበሩ።

እርግዝናቸው ከ59 እስከ 72 ቀን ነው። ከወንዶቹ ከተለዩ ገና ሦስት ሳምንት ቢሆናቸው ነው። ግልገሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ፀጉርና ጥርስ ይዘው ይወለዳሉ፤ በማግስቱ ድርቆሽ ይቀማምሳሉ። ወንዶቹ በሦስት ሳምንታቸው ካልተለዩ እናታቸውን ያስረግዛሉ። ይህ ሁሉ ይቻላል፤ ሌላ ሣጥን ይሠራል፣ ቃሪያው ይጨመራል፣ አልፋልፋው ይገዛል። የከፋው ሌላ ነው። ሴቷ ከስድስት እስከ ስምንት ወሯ ሳትወልድ ከቆየች የዳሌዋ መጋጠሚያ ይጠነክራል፤ ከዚያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወልድ ላይከፈት ይችላል። ያኔ ያለ ቀዶ ሕክምና አትተርፍም። እነዚህ ደግሞ ሁለቱም ከዓመት በላይ ናቸው፤ ከዚህ በፊት ይውለዱ አይውለዱ የሚያውቅ የለም። አንድ ኪሎ የማትሞላ እንስሳ አደንዝዞ የሚቀድ ሐኪም ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የት ነው ያለው?

ማታ ለአዲስ አበባዋ ልጅ ደወልኩላት። «ደህና ናቸው፣ ይበላሉ፤ ትንሿ እንዲያውም ሆዷ ሞላ ብሏል» አለችኝ ደስ ብሏት።

ጠግባ ይሆን?