ብረቱ መብራቱን ሲበላው

ለማስተርስ ጥናቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ስመላለስ ከረምኩ። ጠዋት ጃኬቴን ለብሼ ሚኒባስ እገባለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ሳንጨርስ ጃኬቱ እጄ ላይ ነው። ማታ አክስቴ ቡና እያፈላች ትጠብቀኛለች። «ያ ጥቁሩ ነገር ዛሬስ በራልሽ?» ትለኛለች። አልበራም ስላት፣ «አብሽሪ!»

ጥቁሩ ነገር ማግኔታይት የሚባል፣ በማግኔት የሚሳብ የብረት ኦክሳይድ ነው። ጥናቴ ቅንጣቶቹ ማግኔት እየሳባቸው እንዲያበሩም ማድረግ ነው። ፌሪክ ክሎራይድና ፌረስ ክሎራይድ የሚባሉ ሁለት የብረት ጨዎች ሁለት ለአንድ ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፤ እየተማሰለ አሞኒያ ሲጨመርበት ብርቱካናማው ፈሳሽ ባንዴ ይጠቁራል። ስንቴም ባየው አይሰለቸኝም። ቅንጣቶቹ 10 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው) ገደማ ናቸው። ይህን ያህል ሲያንሱ ማግኔት ሲቀርብ ይሳባሉ፣ ሲነሳ ማግኔትነታቸውን ይረሳሉ። ለሕክምና የተፈለጉትም ለዚህ ነው፤ ደም ውስጥ እርስ በርሱ ተሳስቦ ጓል የሚሠራ ነገር ማን ይፈልጋል?

አንድ ቀን አየር እንዳይነካው የምነፋበት ናይትሮጅን አልቆ አየር ገባበትና ቡናማ ሆኖ አደረ። ደፋሁት። ሌላ ቀን ደግሞ ሰው ቢሰማ የሚስቅብኝን ሠራሁ፦ በማግኔት በምትሽከረከረው ማማሰያ አማሰልኩት። ምርቴ በሙሉ ማማሰያዋ ላይ እንደ ጭቃ ተለጥፎ አገኘሁት! ከዚያ ወዲህ ከላይ በሞተር የሚዞረውን ነው የምጠቀመው።

ዋናው ጣጣ ግን መብራቱ ነበር። ኤፍአይቲሲ የሚባለውን ቀለም በቀጥታ ብረቱ ላይ አጣበቅኩት። ብቻውን ሲሆን ፒያሳ በገዛኋት ሐሰተኛ ብር መለያ መብራት ሥር አረንጓዴ ይንቦገቦጋል። ብረቱ ላይ ሲሆን ጭልም። ቀለሙ አርጅቷል ብዬ ስንት ቀን አማረርኩ። ቀለሙ ምንም አልሆነም። ብርሃን ሲመታው የያዘውን ጉልበት መልሶ ሳያበራው፣ አጠገቡ ያለው ብረት ይቀማዋል። በዚያ ላይ ማግኔታይት ራሱ ጥቁር ነው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ብርሃን ይውጣል።

ስለዚህ በመሃላቸው መስታወት ማስገባት ነበረብኝ። ሽቶበርና ባልደረቦቹ በ1968 (እንደ ፈረንጆቹ) ያወጡት ዘዴ አለ፦ ኢታኖል፣ ውሃና ጥቂት አሞኒያ ውስጥ ቲኢኦኤስ የሚባል ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲደረግ ሲሊካ፣ ማለትም የመስታወት ዋና ነገር፣ ይሆንና ቅንጣቶቹን ይሸፍናቸዋል። ይህ ባዶ ልብስ ከደረሰ በኋላ ነው ቀለም የተያያዘበት ሁለተኛው ልብስ የሚደረበው። መቸኮል አይወድም። አንዴ መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ማማሰያው ቆመ፤ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ሳለ ሲሊካው አብሮ ሸፈናቸው፣ እንደ ገና ቢማሰሉም አልተላቀቁም።

ባለፈው ሳምንት ተሳካ። ያልተጣበቀው ቀለም እስኪወጣ በተሰበረ ስፒከር ማግኔት ብልቃጡ ጎን እየሰበሰብኩ ውሃውን እደፋለሁ፣ እጨምራለሁ። አምስተኛው እጣቢ መብራቷ ሥር ምንም አላበራም። ያኔ የላብራቶሪውን መጋረጃ ዘጋሁ። አረንጓዴው ጭጋግ ቀስ እያለ ወደ ስፒከሩ ማግኔት ተሰብስቦ አንድ ነጥብ ሆነ።

የሚፈለገውን ሴል ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ገና አልተጣበቀበትም፤ ደምም አላየም። ማታ ለአክስቴ ቪዲዮውን አሳየኋት። «ማሻአላህ» አለችና መብራቷን ከቦርሳዬ አውጥታ፣ ገበያ የተመለሰላትን ሁለት መቶ ብር ታይበት ጀመር።