ሰኞ እደፍነዋለሁ ያልኩት ቀዳዳ

ቀዳዳውን ያየሁት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ትልቅ አልነበረም። ዓርብ ሌሊት የወረደው ዝናብ የምሠራበትን የአጋዘን እርባታ አጥር በረባዳው በኩል ሥሩን ጠርጎት፣ በሽቦውና በመሬቱ መካከል ስንዝር የምትሞላ ክፍተት ትቷል። አንድ ድንጋይ አንከባልዬ ወተፍኩበት። ድንጋዩ የክፍተቱን ግማሽ ያህል ሸፈነ። ለቀረው ግማሽ «ሰኞ እደፍነዋለሁ» አልኩ። እሑድ እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ የጓደኛዬ ልጅ ክርስትና ነበርና ልቤ ቀድሞኝ እዚያ ደርሷል።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ስገባ አጋዘን አረባለሁ ብዬ አላሰብኩም። እንደ ብዙው ሰው መጋዘን ነው የጀመርኩት። ሌሊት ሌሊት ካርቶን ስደረድር ሁለት ዓመት ቆየሁ። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ የአጋዘን እርባታ ሰው እንደሚፈልግ ነገረኝና «ከብት ታውቃለህ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። መንዝ ተወልዶ ከብት አላውቅም የሚል አለ? ጓደኞቼ «ከመጋዘን ወደ አጋዘን» እያሉ እስከ ዛሬ ይቀልዱብኛል።

በነገራችን ላይ አገር ቤት አጋዘን የምንለው ሌላ እንስሳ ነው። የባሌው ደጋ አጋዘን ቀንዱ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። የእዚህኞቹ ወንዶች ግን በየዓመቱ በብርዱ ወራት ቀንዳቸውን ይጥሉና በጸደይ እንደ አዲስ ያበቅላሉ። ሌላ ስም ስላላገኘንላቸው በአጋዘን አለፍናቸው።

አጥራችን 2 ሜትር ከ40 ቁመት አለው። ይህ ሁሉ ቁመት አጋዘኖቹ ዘለው እንዳይወጡ ነው። ለአውሬው ቁመት ምኑም አይደለም። ካዮቴ ሥር ሥሩን ነው የሚሄደው። ካዮቴ ማለት በቀበሮና በተኩላ መካከል ያለ፣ 15 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እንስሳ ነው። ኦሃዮ 88 አውራጃዎች አሏት፤ ካዮቴ የሌለበት አንድም የለም። እሱም የሚወልደው በሚያዝያ አካባቢ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ አጋዘኖቹ መውለድ ሲጀምሩ የእሱ ቡችሎች ሥጋ መጠየቅ ይጀምራሉ። ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ሰሞን አራስ ናቸው።

የአጋዘን ግልገል እንደ በግ ግልገል ወዲያው እናቱን ተከትሎ አይሮጥም። ሣር ውስጥ ይተኛል። እናቱ ልሳ ልሳ ጠረኑን ታጠፋለትና ትታው ትርቃለች፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ እየመጣች ታጠባዋለች። የሚያስፈራ ነገር ሲቀርበው ድርቅ ይላል። የልቡ ምት ሳይቀር ይቀንሳል። ጀርባው ላይ ያለው ነጭ ነጠብጣብ በቅጠል መሐል ሾልኮ የገባ ፀሐይ ይመስላል። አንዴ ለጥቂት ልረግጠው ነበር። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ግን ለጫካ የተሠራ ዘዴ ነው። እኛ ጋ ብዙ እናቶች በአንድ አጥር ውስጥ ይወልዳሉ። አንዴ የገባ አውሬ ጠረን ባያገኝም ሣሩን ዝም ብሎ ቢያስስ አያጣም።

ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ደረስኩ። በሩን ሳልከፍት ነው የገባኝ። እናቶቹ በሙሉ ወዲያኛው ጥግ ላይ ተፋፍገው ቆመዋል። ጭራቸው ሽቅብ ተሰቅሏል፤ ነጩ ይታያል። አንዷ የፊት እግሯን መሬት ላይ ትመታለች፤ ታቆማለች፤ እንደገና ትመታለች። ከአጥሩ ሥር አንዲት እናት ተኝታለች። በጨለማ ስትሮጥ ሽቦው ላይ ተላትማ አንገቷ ተሰብሯል። ከዚያ ሣሩን እያሰስኩ ሄድኩ። ሦስት ግልገል አገኘሁ።

ወደ ረባዳው ወረድኩ። ድንጋዬ ካስቀመጥኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ከጎኑ ያለው አፈር ተጭሯል። በታችኛው ሽቦ ጫፍ ላይ አንድ ጭብጥ ግራጫ ፀጉር ተሰክቶ በነፋስ ይወዛወዛል።

አለቃዬ ሰባዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው። በስሜ ጥራኝ ይሉኛል፤ አፌ እሺ አይልም። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፣ እኔ ግን በ«ሰር» እየሸፈንኩ አንቱ ስላቸው ኖሬያለሁ። ይኸው በአማርኛ ስጽፍ ተገላገልኩ። ደወልኩላቸውና «ካዮቴ አራት ገደለብን» አልኳቸው። የድንጋዩን ነገር አላነሳሁም።

ቢላና ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው መጡ። «እንይ» አሉ። ምኑን ነው የምናየው? አገር ቤት ጅብ ከበላው በኋላ የሚታይ ነገር አይተርፍም፤ አጥንቱም ቢሆን።

የመጀመሪያውን ግልገል አንገቱን በቀስታ ገፈፉት። ከላይ ሲታይ ከመንጋጋው ሥር ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ ነበር። ቆዳው ሲነሳ ግን ከሥሩ ጠቁሮ የረጋ ደም ሞልቷል። «ልቡ እየመታ ነው የተነከሰው» አሉ። ሁለተኛውም እንዲሁ። የጎረቤት ውሻ ቢሆን ኖሮ እግሩንም ጆሮውንም ታፋውንም በታተነው ነበር፤ ብዙ ጊዜም ሳይበላው ይሄዳል። ካዮቴ ጉሮሮ ይይዛል፤ ሥራ ነው የያዘው።

ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነበር። ሆዱ ተበልቷል። እኔ ገና ሳየው ፊቴን ያዞርኩት እሱን ነው። አለቃዬ ግን አንገቱን ገፈው ደም አጡ። ኮቴውን አገላብጠው አሳዩኝ። ግልገል ሲወለድ የኮቴው ጫፍ በለስላሳ ቢጫ ነገር ተሸፍኖ ነው፤ ቆሞ ሲራመድ ያልቃል። የዚህኛው አልተነካም። ከዚያ ከሳንባው ቁራሽ ቆርጠው ባልዲው ውስጥ ጣሉት። ቀስ እያለ ወርዶ ባልዲው ሥር ተቀመጠ። አንዴ የተነፈሰ ሳንባ ይንሳፈፋል። ይህ አልተነፈሰም።

ሞቶ ነው የተወለደው። ካዮቴው ሬሳ ነው ያገኘው።

ከኪሳቸው የማትለይ ደብተር አለቻቸው። ጻፉ፦ ካዮቴ 2፣ ሞቶ የተወለደ 1፣ አጥር 1። «ያው ሁሉም ሞቷል፣ ምን ለውጥ አለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እልህ ይዞኝ ነበር መሰለኝ። ሦስቱንም ካዮቴ ብዬ ብጽፍ የሞተውን የወለደችውን እናት ጉዳይ ማን ያየዋል አሉኝ። አርጅታ ይሆናል፣ መኖዋ ጎድሎ ይሆናል፣ በሽታም ሊሆን ይችላል። አጥሩን በወርቅ ባጥረው በሚቀጥለው ዓመትም የሞተ ትወልዳለች። ይህን ሲሉኝ አሥራ ምናምን ዓመት በግ ጠብቄ አንድም ቀን የሞተ በግ ከፍቼ አለማየቴ ትዝ አለኝ። የጎደለ በግ ሁሉ የጅብ ነበር። ስንቱን ጅብ በሐሰት ከስሰነው ይሆን?

የትልቋ ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በመንግሥት ፕሮግራም የተመዘገበ እርባታ ውስጥ 12 ወር የሞላው አጋዘን በምንም ይሙት በምን ናሙናው መመርመር አለበት። አእምሮን እየበላ የሚገድል፣ መድኃኒትም የሌለው የአጋዘን በሽታ ስላለ ነው። አንገቷ እንደተሰበረ ዓይናችን እያየ፣ ናሙናው ተወስዶ ውጤት እስኪመጣ በጭንቀት ጠበቅን። ነፃ ነን። ካሳም የለም። የፌዴራሉ የእንስሳት ካሳ አውሬ ለገደለው የሚከፍለው አውሬው እንደ ተኩላ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን ነው። ካዮቴን የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ ስለሌለ እሱ ለገደለው ይህ ካሳ አይከፍልም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ወደ ረባዳው ሄድን። ድንጋዬ ላይ ቆሙ።

«ይህን ማን አስቀመጠው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ቅዳሜ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያን ዕለት ውሻው እኔ ነበርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ክርስትናው፣ ስለ መሸብኝ ሁሉ ለፈለፍኩ። እንዲጮኹብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኹም። «ለምን አልደወልክልኝም?» ብቻ አሉ። ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄደው አካፋ ይዘው መጡ። ሁለት።

እስከ ማታ ሠራን። ከአጥሩ ወደ ውጭ 90 ሳንቲሜትር የሚሆን ሽቦ መሬት ላይ ዘርግተን በካስማ ቸነከርነው። ካዮቴ መቆፈር የሚጀምረው ልክ ከአጥሩ ሥር ነው፤ እዚያ ሽቦ ሲያገኝ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መጀመር አይመጣለትም። ትንሽ ሲቆይ ሣሩ በሽቦው መሐል ይበቅልና ከመሬቱ ጋር ይሰፋዋል። በውጭ በኩል ከመሬት 20 ሳንቲሜትር ከፍ አድርገን ደግሞ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወጠርን። አፍንጫውን እንዲነካው ነው።

በግ የሚያረባው ጎረቤታችን ሲሠራ ያየንና «አህያ ግዙ» አለን። የምሩን ነው። እዚህ አገር አህያ ዘበኛ ናት። ካዮቴ ካየች በጥርስም በእግርም ታባርረዋለች። እኛ ጋ ጅብ ሲወጉ በአህያ ይጠጉ የሚባለው ጅቡ ዓይኑ አህያዋ ላይ ስለሚሆን ነው። ትግራይ ውስጥ በተሠራ ጥናትም በዐቢይ ጾም የሉካንዳው አጥንት ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ መብላት እንደሚያበዙ ታይቷል። አለቃዬ ግን አህያዋ ራሷ ግልገሎቹን ብትረግጥስ ብለው ተዉት።

ማታ አገር ቤት ደወልኩ። አባዬ የአህያዋን ነገር ሲሰሙ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ስለሞቱት ነገርኳቸው።

«ጅብ ነው?»

«እዚህ ጅብ የለም አባዬ። ቀበሮ ቢጤ ነው።»

«ቀበሮ ያን የሚያህል አጥር ዘለለ?»

«በሥሩ ነው የገባው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «አጥሩን የሚጠብቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ቀበሮውን ምን አድርግ ትለዋለህ ልጄ?»

ልጅ ሆኜ ማታ ማታ በጎቹ ከእኛ ጋር ቤት ነበር የሚያድሩት። አባዬ በሩን ከዘጉ በኋላ መቀርቀሪያውን በእጃቸው ሳይዳብሱ አይተኙም ነበር። የዘጉት ራሳቸው ናቸው፤ ግን ይዳብሱታል።

ከሁሉም የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ሰሞን ነው። ከተገደሉት ግልገሎች የአንደኛው እናት ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ቦታ ትመጣ ነበር። ጡቷ ግት ብሏል። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሣሩን ታሸታለች፣ በለሆሳስ ታጉረመርማለች፣ መልስ ትጠብቃለች። በዚያ በኩል ላለማለፍ ዙሪያውን እሄድ ጀመር። ምሳዬንም መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሳልበላው እመልሰዋለሁ። ስለ እንስሳ ማዘኑን ለኮለምበስ ጓደኞቼ ማስረዳት አልቻልኩም። «አንተ አጋዘን ልታረባ ነው የሄድከው ወይስ ልታለቅስ?» ይሉኛል።

አለቃዬ አይተውኝ ነው መሰለኝ፣ በማግስቱ ለተወለዱት ግልገሎች ጆሮ ላይ ቁጥር እንድሰካ ላኩኝ። ይህ ሥራ የእሳቸው ነበር፤ ለሰው አይሰጡትም። ከተወለዱ አንድ ቀን ሳያልፋቸው ቶሎ መያዝ አለባቸው፤ ካለፈ ማን ይደርስባቸዋል። የመጀመሪያዋን ሣር ውስጥ አገኘኋት። ጓንት አጥልቄ አነሳኋት። ሦስት ኪሎ አትሞላም። ደረቷ መዳፌ ውስጥ ገባ፤ ልቧ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ ቶሎ ቶሎ ሲመታ ይሰማኛል። ቁጥሯን ሰካሁና ያገኘኋት ቦታ መልሼ አስተኛኋት። እናቷ ራቅ ብላ እግሯን መሬት ትመታብኛለች።

ዘንድሮ ግንቦት ስንት ጊዜ እንደዘነበ አልቆጠርኩም። አባዬ ግን የቆጠሩ ይመስለኛል። ድሮ ስደውል ስለ ጤናዬ ነበር የሚጠይቁኝ። አሁን ሰላምታውን ሳንጨርስ፦

«እዚያ ዘነበ?»

«ዘንቧል አባዬ። ሌሊቱን ሙሉ።»

«ሄደህ አየኸው?»

«ጫማዬን እያጠለቅኩ ነው።»

«በል ስልኩን ዝጋ።»