ዋስ የጠራሁበት ቀን፦ ለንደን ውስጥ የወንጀል ጠበቃ ለመሆን ሳመለክት

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው አስቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ዓመት ይተርፈኝ ነበር ብዬ ስለማምን ነው። እንግሊዝ አገር በወንጀል ጉዳይ ችሎት ቆሞ የሚከራከር ጠበቃ፣ ማለትም ባሪስተር፣ ለመሆን ትምህርቱን መጨረስ ብቻውን አይበቃም። ፒዩፒሌጅ የሚባለውን የ12 ወር የሥራ ላይ ሥልጠና የሚሰጣችሁ ቻምበርስ፣ ማለትም ባሪስተሮች በጋራ የሚሠሩበት ቢሮ፣ ማግኘት አለባችሁ። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ልምድ ያለው ባሪስተር ተከትላችሁ ታያላችሁ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ራሳችሁ ደንበኛ ይዛችሁ ትቆማላችሁ። ቦታው ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነው። እኔ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በ2023 እና በ2024 አመለከትኩ፤ የተሳካልኝ በሦስተኛው ነው።

መንገዱን ባጭሩ ልለፈው። የሕግ ዲግሪ፣ ከዚያ ኢን ከሚባሉት አራት የባሪስተሮች ማኅበራት በአንዱ (ሊንከንስ ኢን፣ ግሬይስ ኢን፣ ኢነር ቴምፕል ወይም ሚድል ቴምፕል) አባል መሆን፣ ከዚያ ባር ኮርስ የሚባለው የሙያ ትምህርት። ማመልከቻው በአብዛኛው የሚገባው የባሪስተሮች ተወካይ የሆነው ባር ካውንስል በሚያስተዳድረው ፒዩፒሌጅ ጌትዌይ በሚባል ድረ ገጽ ነው። ማስታወቂያዎቹ በኖቬምበር መጨረሻ ይወጣሉ፣ ቅጹ በጃንዋሪ ይከፈታል፣ መልሱ በሜይ ይመጣል። በአንድ ዙር እስከ 20 ቻምበርስ መምረጥ ይቻላል። ሰርኔም የሚለው ቦታ ላይ ፓስፖርታችሁ ላይ ያለውን ጻፉና እለፉ፤ የአባትና የአያት ስም ጣጣውን እዚያ ማስረዳት አይቻልም።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል። እኔን ያማከሩኝ ሰዎች ሁሉ "መጀመሪያ ባር ኮርሱን ጨርሺ፣ ፒዩፒሌጁ ይደርሳል" አሉኝ። አትስሟቸው። ኮርሱ ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፤ ከጨረሳችሁበት ቀን ጀምሮ ደግሞ አምስት ዓመት ይቆጠርባችኋል፣ በዚያ ውስጥ ፒዩፒሌጅ መጀመር አለባችሁ። ኮርሱን ሳትጀምሩም ግን ማመልከት ይቻላል፤ ቻምበርሶች የሚቀጥሩት ቀደም ብለው ነው። እኔ ተበድሬ ተማርኩና ዕዳውም ቆጠራውም አብረው ጀመሩብኝ። በየዓመቱ የውድቅ መልስ ሲመጣ መጀመሪያ የማደርገው የቀሩኝን ዓመታት መቁጠር ነበር። ዛሬ ብጠየቅ የምለው አንድ ነው፤ ወይ ፒዩፒሌጁን ይዛችሁ፣ ወይ ከኢናችሁ በቂ ስኮላርሺፕ አግኝታችሁ ካልሆነ ኮርሱን አትጀምሩ።

በ2022 ሃያውንም ቦታ ሞላሁ። አንድም ቃለ መጠይቅ አልመጣም። አሁን ያንን ቅጽ ሳነበው አልፈርድባቸውም። ከተማሪነቴ ጀምሮ በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት የአማርኛ አስተርጓሚ ሆኜ እሠራ ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓመት "የመግባባት ችሎታዬን አዳብሮልኛል" በምትል አንዲት መስመር ቀበርኩት። ወንጀል ለምን መረጥሽ ለሚለው "ከልጅነቴ ጀምሮ ለፍትሕ" ምናምን ብዬ ጻፍኩ። ያንን ሁሉም ይጽፈዋል።

በሁለተኛው ዓመት የጻፍኩት ፖሊስ ከጥያቄ በፊት ስለሚያነበው ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ይላል፦ ምንም የመናገር ግዴታ የለብዎትም፤ ነገር ግን በኋላ ፍርድ ቤት የሚመኩበትን ነገር አሁን ሲጠየቁ ሳይጠቅሱ ከቀሩ መከላከያዎን ሊጎዳው ይችላል፤ የሚናገሩት ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ቃሉን ወደ አማርኛ መመለስ አይከብድም። የሚከብደው መጀመሪያ "አትናገር" ቀጥሎ "ካልተናገርክ ይጎዳሃል" ያለ የሚመስለውን ነገር ሌሊት ከአልጋው ተነሥቶ ለመጣ ሰው ማድረስ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19ም ዝም የማለት መብት ይሰጣል፤ ዝም ማለት ሊያስከትል የሚችለው ነገር ግን እዚህ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ ሕግ የመጣ ነው። "ታዲያ ልናገር ወይስ ዝም ልበል?" ብለው ወደ እኔ የዞሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አስተርጓሚ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ተርጉሞ ለጠበቃው ያስተላልፋል። ያንን ጥያቄ መመለስ የምችልበት ወንበር ላይ መቀመጥ ፈለግኩ። የጻፍኩት ይህንኑ ነው፤ የማንንም ጉዳይ፣ ስምም ሆነ ቦታ፣ አልጠቀስኩም፣ እናንተም እንዳትጠቅሱ። ምስጢር መጠበቅ የማይችል አመልካች እዚያው ላይ ያበቃለታል።

አራት ቻምበርሶች ጠሩኝ። የመጀመሪያው ዙር እንደፈራሁት አልነበረም። የሥነ ምግባር ጥያቄ አይቀርም፤ ደንበኛሽ "አዎ፣ አድርጌዋለሁ" ቢልሽና ግን ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ መከራከር ቢፈልግስ? ልትቀጥሉ ትችላላችሁ፣ የዐቃቤ ሕግን ማስረጃ በመስቀለኛ ጥያቄ ልትፈትኑ ትችላላችሁ፤ ግን አላደረገም ብላችሁ መናገር ወይም ሐሰት እንደሆነ የምታውቁትን ማስረጃ ማቅረብ አትችሉም። ይህን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ካወቃችሁት ይበቃል።

ከአራቱ አንዱ ለሁለተኛ ዙር ጠራኝ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ለጠዋቱ አራት ሰዓት ተቀጥሬ እስከ አምስት ተኩል መተላለፊያ ላይ አስቀመጡኝ፤ ይቅርታ ያለኝም የለም። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ ጠባብ ክፍል አስገብታ አራት ገጽ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችኝ። "ሃያ ደቂቃ አለሽ" ብላኝ ሄደች።

ገጽ አንድ ክሱ ነው። የ22 ዓመት ወጣት በሰው አካል ላይ ስለሚፈጸሙ ወንጀሎች በወጣው የ1861ዱ ሕግ አንቀጽ 20 ሰው በማቁሰል ተከስሷል፤ ጎረቤቱን በጠርሙስ መትቷል ተብሎ። ገጽ ሁለት የፖሊስ ማጠቃለያ። ገጽ ሦስት የዐቃቤ ሕግ ተቃውሞ። ገጽ አራት የተከሳሹ ኑሮና ቤተሰብ። የእኔ ሥራ ዋስትና መጠየቅ ነው።

ሁለቱን ገጾች አነበብኩ፣ ሦስተኛውን ገረፍ አድርጌ አለፍኩ፣ ከዚያ የመክፈቻ ንግግሬን መጻፍ ጀመርኩ። አባቴ ከአያቴ የሰማውን የበላ ልበልሃ ሙግት እያወራ ነው ያሳደገኝ፤ ጥሩ ተሟጋች ሲነሣ ችሎቱ ጸጥ ይላል ይል ነበር። እኔም ጸጥ የሚያሰኝ ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። ከሃያው ደቂቃ አሥራ ሁለቱ በዚህ አለቀ። ገጽ አራት ላይ አጎቱ ሱቅ እንዳለውና በ5,000 ፓውንድ ዋስ ለመሆን ፈቃደኛ እንደሆነ ሳይ ደስ አለኝና በእርሳስ ከበብኩት። ከዚያ በታች ያለውን አላነበብኩም።

ሦስት ጠያቂዎች ነበሩ፤ መካከል ያለችው ሴት ዳኛዋ ሆነች። መክፈቻዬን ተናገርኩ። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ከዚያ አጎቱን አነሣሁ፤ ሱቁን፣ ገንዘቡን፣ ለቤተሰቡ ያለውን ኃላፊነት። ዳኛዋ እጇን ከፍ አደረገች።

"ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ ይጠፋል የሚል ተቃውሞ አቅርቧል?"

ገጽ ሦስትን ተመለከትኩ። አላቀረበም። ያቀረበው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ተከሳሹ ቢፈታ ምስክሮችን ያስፈራራል።

"እንግዲህ የአጎትየው 5,000 ፓውንድ ምስክሩን እንዴት ይጠብቀዋል?"

በ1976ቱ የዋስትና ሕግ ዋስ የሚቆመው ተከሳሹ በቀጠሮው ቀን ለመቅረቡ ነው። ይህን ኮርሱ ላይ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ፣ አልፌዋለሁ። መልስ አልነበረኝም። ዝም ካልኩ በኋላ ለማገገም ስል "የመኖሪያ ግዴታም ልናቀርብ እንችላለን፣ እናቱ ቤት ይኖራል፣ ማታ አይወጣም" አልኩ።

"የእናቱ ቤት የት ነው?"

አድራሻውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ቁጥር 14።

"ተበዳዩስ የት ይኖራል?"

ወደ ገጽ ሁለት ተመለስኩ። ቁጥር 31፣ መንገዱ አንድ። ከዳር የተቀመጠው ሰውዬ እስከዚያ ድረስ ሲጽፍ ነበር፤ ብዕሩን ከደነና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ያቺ የብዕር ክዳን ቀጭ ያለችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን አላስታውስም።

ወረቀቱን ስመልስ የገጽ አራት የመጨረሻ መስመር ታየኝ። ሌስተር የምትኖር እህት አለችው። ትርፍ ክፍል አላት። ልትቀበለው ፈቃደኛ ናት። መልሱ እዚያው ተቀምጦ ነበር፦ ሌስተር እህቱ ጋ ይኑር፣ ከተበዳዩና ከምስክሮች ጋር በቀጥታም በሰው በኩልም አይገናኝ፣ እዚያ መንገድ አይድረስ፣ ሌሊት በኤሌክትሮኒክ ቁጥጥር ከቤት አይውጣ፣ ሌስተር ፖሊስ ጣቢያ እየሄደ ይፈርም። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ነው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሁለት መስመር ኢሜይል መጣ። ጉድለቴን በጽሑፍ እንዲነግሩኝ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩ፣ መልስ የለም። በዚህ ዛሬም እናደዳለሁ። ሰውን አንድ ሰዓት ተኩል መተላለፊያ ላይ አስቀምጦ አራት ገጽ የሚያስነብብ ቻምበርስ አራት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አያቅተውም። ለሁለተኛ ዙር ከደረሳችሁ ግን ጠይቁ፤ የሚመልሱ አሉ።

ለወራት ለሰው ሁሉ ስናገር የነበረው ምክንያት የባህል ነው የሚል ነበር። እኛ አገር ዋስትና ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ዋስና ገንዘብ ስለሆነ ነው እል ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ አገር ቤት ለረጅም ዘመን ዳኛ ለነበሩ፣ አሁን እዚሁ ሰሜን ለንደን ከልጃቸው ጋር ለሚኖሩ ጋሼ ነገርኳቸው። ቡናቸውን አስቀምጠው አዩኝ።

"የሥነ ሥርዓት ሕጋችንን አንቀጽ 67 አንብበሻል?"

አላነበብኩም። በቃላቸው ነገሩኝ፤ ግዴታውን የማያከብር ከሆነ፣ ሌላ ወንጀል የሚፈጽም ከሆነ፣ ምስክር የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ ከሆነ ዋስትና ይከለከላል። የ1954 ዓ.ም. ሕግ ነው።

"የኛም ያንኑ ነው የሚለው። አገርሽን አታሳብቢ፣ ልጄ። ወረቀቱን አላነበብሽም።"

ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ዳኛ፣ እኔ ጠበቃ ሆነን ማዕድ ቤታቸው ውስጥ ተለማመድን። ወረቀቱን ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬ እንዳነብ አደረጉኝ። በግራ በኩል የዐቃቤ ሕግን ተቃውሞ፣ በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ አንድ ግዴታ እጽፋለሁ። ቀኙ ባዶ ከሆነ መናገር አልጀምርም። የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ይጻፋል፤ ጊዜ ከሌለ ይቀራል።

ሚኒ ፒዩፒሌጅ የሚባለውን የጥቂት ቀናት ጉብኝት ሰብስቡ ይሏችኋል። ሁለት ይበቃል። ይልቅ ጠዋት የወንጀል ጉዳይ መጀመሪያ የሚቀርብበት ማጅስትሬትስ ኮርት ሄዳችሁ ለሕዝብ በተፈቀደው መቀመጫ ተቀመጡ፤ ነጻ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ከባድ ወንጀሎች የሚታዩበት ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት ያምራል፣ ነገር ግን እናንተን የሚፈትኗችሁ በግድያ ክርክር አይደለም። ሌሊት ተይዘው ያደሩ ሰዎች ጠዋት ሃይበሪ ኮርነር ወይም ዌስትሚኒስተር ሲቀርቡ ተመልከቱ። ጥሩው ጠበቃ ተነሥቶ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር አድራሻ ላይ ነው።

ለሃያ ቦታ አመልክቱ የሚለውንም አልቀበልም። በ2024 ያመለከትኩት ለ11 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱን ቅጽ ሦስት ቀን ሠራሁበት። ስለ ገንዘቡም ደፍራችሁ አስቡ፤ በዚያ ዓመት የለንደኑ ዝቅተኛ የፒዩፒሌጅ ክፍያ 23,078 ፓውንድ ነበር፣ የወንጀል ቻምበርሶች ደግሞ ከዚያ ብዙም አይርቁም። የንግድ ሕግ ከሚሠሩት ጋር ራሳችሁን አታወዳድሩ፣ ትታመማላችሁ።

ሁለት ቻምበርሶች ለሁለተኛ ዙር ጠሩኝ። የአንደኛው ፈተና የቅጣት ማቅለያ ክርክር ነበር፤ ገና በመጀመሪያው አጋጣሚ ጥፋቱን ያመነ ሰው አንድ ሦስተኛ እንደሚቀነስለት የማያውቅ እዚያ አይግባ። የሌላው ዋስትና። ወረቀቱን ገለበጥኩና ከመጨረሻው ገጽ ጀመርኩ። ስነሣ ያልኩት "ተቃውሞው ሁለት ነው፣ በተራ እመልሳለሁ" ብቻ ነው።

በሜይ መልሱ የመጣ ጠዋት ከእናቴ ቀጥሎ የደወልኩት ለጋሼ ነው። እልል አላሉም፣ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ።

"ዋስ ጠራሽ?"

"አልጠራሁም፣ ጋሼ። የሚጠፋ ሰው አልነበረም።"