ብረቱ ይዟል፣ አጥንቱ ግን ገና ነው

ትራክ ላይ ወድቆ አጥንቱ የተሰበረ ሞተረኛ ሰመመኑ እንኳ በደንብ ሳይለቀው «መቼ ነው የምነዳው?» ይላል። አልፈርድበትም። ለሚቀጥለው ትራክ ዴይ ተከፍሏል፣ ሞተሩ ግማሽ ጎኑ ተፍቆ ጋራዥ ቆሟል፣ ደረቁ ወቅትም አጭር ነው። ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት ገደማ» ይለዋል። «ገደማ» የምትለው ቃል ትረሳና ስድስት ሳምንቷ እንደ ውል ትያዛለች። በእኔ እምነት ከመውደቅ በኋላ ለሚመጣው ሁለተኛ ጉዳት ዋናዋ በር ይህች ቁጥር ናት።

ለማያውቀው፦ ትራክ ዴይ የእሽቅድምድም ሜዳ ለአንድ ቀን ለተራ ሞተረኛ ተከፍቶ፣ ሰው በችሎታው ተመድቦ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ተራ የሚነዳበት ቀን ነው። ውድድር አይደለም፤ አወዳደቁ ግን የውድድር ነው። የፊት ጎማ ሸርተት ብሎ ሞተሩ በጎኑ ሲተኛ፣ ሎውሳይድ የሚባለው፣ ሰው ከዝቅታ ስለሚወድቅ ተንሸራቶ ይቆማል። ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የእጅ አንጓ፣ የቁርጭምጭሚትና የቆዳ ነው። የኋላ ጎማ ተንሸራቶ ድንገት መልሶ አስፋልቱን ሲነክስ ግን ሞተሩ እንደ ደንባራ በቅሎ ሰውን ወደ ላይ ይወረውራል። ይህ ሃይሳይድ ነው፤ ከከፍታ በትከሻ ያሳርፋል። ሐኪሞች ክላቪክል የሚሉት፣ ከደረት አጥንት እስከ ትከሻ ጫፍ አግድም የተኛው አጥንት፣ ክንድን ከተቀረው አካል ጋር የሚያገናኝ ብቸኛ የአጥንት ድልድይ ስለሆነ ምቱን እሱ ይቀበላል። ከ100 የክላቪክል ስብራት 80 ያህሉ መሃሉ ላይ ነው። እዚያ ጋ አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ጅማትም አይደግፈውም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ክላቪክሉ አይደለም። እሱ ያማል፣ ያብጣል፣ ራጅ ላይ ይታያል። የሚያሳስበው የእሱ ሕመም የሚሸፍነው ነገር ነው። በግራ በኩል ከታች ያሉት የጎድን አጥንቶች፣ ከ9ኛው እስከ 12ኛው፣ ከተመቱ ከሥራቸው ጣፊያ አለ። የጣፊያ ደም ከሰዓታት አልፎ ከቀናት በኋላም ሊፈስ ይችላል። የግራ ትከሻ ጫፍ ያለ ምክንያት ሲያም፣ ሆድ ሲወጠር፣ ሲያዞርና ሲያልብ ወደ ድንገተኛ ክፍል መመለስ ነው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ክንድ ወይም ቅልጥም አብጦ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር፣ ጣት ሲዘረጉለት ሕመሙ ከስብራቱ በላይ ሲሆንና ማስታገሻ አልበግረው ሲል ደግሞ ጡንቻው በራሱ ሽፋን ውስጥ እየታነቀ ነው ማለት ነው። እዚያ ላይ ጊዜው በሰዓታት ይቆጠራል። ጄሶው ይከፈታል፤ ካልበቃ ሽፋኑ በቀዶ ይከፈታል።

ስካፎይድ የምትባለዋ ትንሽ የአንጓ አጥንትም አለች። አውራ ጣትን ወደ ላይ ሲያነሱ ከሥሩ የምትፈጠረውን ጉድጓድ ተጭኖ ካመመ፣ የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ቢሆንም እንደ ተሰበረ ተቆጥሮ ይታሰራል። ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ ይደገማል፣ ወይም ኤምአርአይ ይነሳል። ምክንያቱ የደም ሥሯ ነው፤ ደሙ የሚገባው በጣት በኩል ካለው ጫፍ ስለሆነ፣ በክንድ በኩል ያለው ክፍል ሲሰበር ምግብ ተቋርጦበት ሊሞት ይችላል። ጄሶ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል፣ ስብራቱ ወደ ክንድ በቀረበ መጠንም ይረዝማል። ወለምታ ነው ተብሎ የታለፈ ስካፎይድ ከዓመታት በኋላ የአንጓ መገጣጠሚያውን ይበላዋል። ቀኝ እጅ ከሆነ ደግሞ የፊት ፍሬኑና የነዳጁ እጅ እሱ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ ደም ይረጋበታል። በ2 እና በ3 ሳምንት ውስጥ ለስላሳ፣ እንደ ጆሮ ቅርጭጭት ያለ ነገር ክፍተቱን ይሞላል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያ ለስላሳ ነገር ወደ አጥንት ይለወጣል፤ ቅርጹን አስተካክሎ እስኪጨርስ ግን ከዓመት ያልፋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት እንቅስቃሴ ይጠቅማል፤ ሲበዛ ግን አዲሱን ክር ይቀድደዋል። ቀዶ ሐኪሙ ብረት አስገብቶ ከስብራቱ ግራና ቀኝ ቢያንስ 3፣ 3 ብሎን ሲያስር የሚያደርገው ይህን እንቅስቃሴ ማስቆም ነው። ብረቱ አጥንቱን ያሲዛል፤ የሚገጥመው ራሱ አጥንቱ ነው። ብረትም ይደክማል፤ ሽቦን ወዲያና ወዲህ ሲያጥፉት በመጨረሻ እንደሚበጠሰው ነው። አጥንቱ ገጥሞ ጭነቱን ካልተረከበው ቀድሞ የሚሸነፈው ብረቱ ይሆናል።

የሞቶጂፒ፣ የዓለም ትልቁ የሞተር ውድድር፣ ሰዎች ይህን በአደባባይ ከፍለውበታል። ስፔናዊው ሆርሄ ሎሬንሶ ሰኔ 2013 (እ.ኤ.አ.) ሆላንድ አሰን ላይ በልምምድ ወድቆ ክላቪክሉ ተሰበረ። በዚያው ሌሊት ባርሴሎና በረረ፣ የታይታኒየም ብረትና 8 ብሎን ገባለት፣ ተመልሶም ቅዳሜ ዕለት 5ኛ ወጣ። ዓለም ያጨበጨበለት ይህ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ጀርመን ዛክሰንሪንግ ላይ እንደገና ሲወድቅ ብረቱ ጎበጠ፤ ትከሻው እንደገና በቀዶ ተከፈተ፣ ውድድሩም አለፈው። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫውን ያጣው በ4 ነጥብ ነበር።

የሌላው የሞቶጂፒ ሻምፒዮን፣ የማርክ ማርኬዝ፣ ክንድ ደግሞ ለብቻው ትምህርት ቤት ነው። ሐምሌ 19፣ 2020 (እ.ኤ.አ.) ስፔን ሄሬዝ ላይ የቀኝ ላይኛው ክንድ አጥንቱ ተሰበረ። ከሁለት ቀን በኋላ ብረት ገባለት፤ ከቀዶው በ4ኛው ቀን ሞተር ላይ ወጣ፣ ግን አልቻለም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቤቱ መስኮት ሲከፍት ብረቱ ተሰበረና ሁለተኛ ቀዶ ተደረገለት። ያን ሁሉ ጭነት የተሸከመ ብረት የተሸነፈው በመስኮት ነው፤ ቀድሞ ደክሞ ነበርና። ታኅሣሥ ላይ አጥንቱ አለመግጠሙ ታውቆ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈተ፣ ከዳሌው አጥንት ተወስዶ ተተከለለት፣ ቦታውም ማመርቀዙ ተገኘ። ወደ ውድድር የተመለሰው ሚያዝያ 2021 ነው። አጥንቱ ተጣሞ መግጠሙ ስለታወቀ ደግሞ ሰኔ 2022 አሜሪካ ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ተቆርጦ 30 ዲግሪ ያህል ተዞረ። እነዚህ ሰዎች አጠገባቸው ሐኪም፣ ፊዚዮቴራፒስትና የግል አውሮፕላን ነበራቸው። ቅዳሜ ተነድቶ ሰኞ ሥራ የሚገባበትን ክንድ ይዞ እነሱን መከተል አያዋጣም።

ታዲያ ብረት ይግባ ወይስ አይግባ? በ2007 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የካናዳ ጥናት መሃሉ ላይ ተሰብሮ ጫፎቹ ፈጽሞ የተለያዩ ክላቪክሎችን ተከታትሏል። ብረት ከገባላቸው 62 ሰዎች የ2ቱ፣ ክንዳቸውን አንጠልጥለው ከጠበቁት 49 ሰዎች ደግሞ የ7ቱ አልገጠመም። ስለዚህ ጫፎቹ ከተራራቁ ወይም አጥንቱ ተደራርቦ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካጠረ የቀዶ ምክር መስማት ተገቢ ነው። ካልተራራቁ ግን ማንጠልጠያው ይበቃል። ቀዶ የራሱ ዋጋ አለው፦ ማመርቀዝ፣ ከጠባሳው በታች የሚደነዝዝ ቆዳ፣ ቦርሳ ሲያነግቱ የሚቆረቁር ብረት። ብረቱ ይውጣ ከተባለ ብዙ ጊዜ ከዓመት በኋላ ነው። ሲወጣም የብሎኖቹ ቀዳዳዎች እስኪሞሉ ጥቂት ወራት አጥንቱ ደካማ ስለሚሆን፣ ብረት በወጣ በወሩ ትራክ መግባት ሌላ ስብራት መጋበዝ ነው።

በየቀኑ የሚሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጀርባን በትራስ ከፍ አድርጎ፣ ግማሽ ተቀምጦ መተኛት፤ ጠፍጣፋ መኝታ ስብራቱን ይጎትታል። ማንጠልጠያው በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ ይወልቃል፣ ክርንም አንጓም ጣትም ይንቀሳቀሳል፤ አለዚያ አጥንቱ ገጥሞ ክርኑ የደረቀ ሰው ይኮናል። ሐኪሙ ሲፈቅድ ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ደወል ምላስ ማወዛወዝ ይጀመራል። ለ6 ሳምንት ያህል ክርን ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ በዚያ እጅ ከሻይ ብርጭቆ የሚከብድ ነገርም አይነሳም። ራጅ በ2ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት ይነሳል። ጡንቻ ማጠንከሪያ ስፖርት የሚጀመረው አዲስ አጥንት ከታየ በኋላ ነው፣ መጀመሪያ በላስቲክ፣ ቀጥሎ በግማሽ ኪሎ። ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም አያልፍም፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉትን ለሳምንታት ከመውሰድ በፊት ቀዶ ሐኪሙን መጠየቅ ይሻላል። ሲጋራ የግድ ይቆማል፤ ኒኮቲን አዲሱን አጥንት የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠብባልና።

ጎድን ከተሰበረ በፋሻ ጥብቅ አድርጎ ማሰር የድሮ ስህተት ነው። ሰው ሕመም ፈርቶ በአጭሩ ሲተነፍስ ሳንባው ከታች ይዘጋል፣ የሳንባ ምችም ይከተላል። ትራስ ደረት ላይ አቅፎ በየሰዓቱ 10 ጊዜ በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ያስፈልጋል። ማስታገሻውም በሰዓቱ የሚወሰደው ለዚህ ነው።

የእኛ ቤት ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። የተሰበረ ሰው ያለበት ቤት ወጌሻ ይነሳል። ለወለምታ ብዙ ዘመን ያገለገለ እጅ ነው፣ አከብረዋለሁ። ትኩስ ስብራት ግን አይታሽም፤ ጫፎቹ ይንሸራተታሉ፣ ደም ሥርና ነርቭ ሊነኩ ይችላሉ። ክርን አካባቢ ሲታሽ ደግሞ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊበቅል ይችላል። በቀርከሃ ጠብቆ የታሰረ እጅና እግር ደም አጥቶ የተቆረጠባቸው ልጆች በሐኪም ቤቶቻችን የታወቁ ናቸው። ምግቡ ላይ ግን እናቶቻችን ትክክል ናቸው፤ የተሰበረ ሰው ይብላ። በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ይታሰብ፤ 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ከ90 እስከ 112 ግራም ገደማ ይሆናል። ካልሲየም 1000 ሚሊ ግራም ይበቃል፣ 100 ግራም ጤፍ 180 ያህሉን ይሰጣል። በጾም ወቅት ከሆነ ታማሚ እንደሚፈቀድለት የንስሐ አባትን ማነጋገር ነው። እጾማለሁ ካለም ምስር፣ ሽሮና አኩሪ አተር በብዛት ይቅረብ፤ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ስዊድን፣ ጀርመን ወይም እንግሊዝ ለሚኖር ወገን ደግሞ የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራ ግዴታ እንዲሆን እመኛለሁ። የእኛ ቆዳ ያንን ደካማ የክረምት ፀሐይ ይዞ በቂ አያመርትም።

ጭንቅላት ከተመታ፣ ራስን መሳት ባይኖርም፣ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ዕረፍትና ቀላል ርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ በደረጃ ይወጣል፦ ርምጃ፣ ቀላል ሩጫ፣ ጠንካራ ስፖርት፤ በየደረጃው ቢያንስ አንድ ቀን ይቆያል። ምልክቱ ከተባባሰ አንድ ደረጃ መመለስ ነው። ማስታወክ ከደጋገመ፣ ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም ሰውየው ከተደናገረ ይህ ሁሉ ቀርቶ ሐኪም ቤት ነው።

ስለዚህ «መቼ?» ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ፈተና ነው። ጠንክሮ ፍሬን የሚይዝ የስፖርት ሞተር በራሱ የመሬት ስበት ያህል ኃይል ወደ ኋላ ይጎትታል። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያን ጊዜ ወደ ፊት 75 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ይህን የሚችሉት የነዳጅ ታንኩን የያዙት ጉልበቶችና ሁለቱ ክንዶች ናቸው። ፑሽ አፕ እጅ ላይ የሚያሳርፈው የሰውነትን ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። እንግዲህ 20 ፑሽ አፕ ቀስ ብሎ፣ ማስታገሻ ሳይወስድ፣ ሳይንቀጠቀጥ መሥራት ያልቻለ ክንድ ለፍሬን አልደረሰም። የሁለቱ እጆች የመጨበጥ ኃይል ቢቀራረብ፣ ክንዶቹ እኩል ከራስ በላይ ቢነሱ፣ ራጁ ላይም አዲስ አጥንት ስብራቱን ተሻግሮ ቢታይና ቀዶ ሐኪሙ ቢፈቅድ መሄድ ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ከ3 ወር በፊት አይሟላም።

ከመሄድ በፊት ሄልሜቱ ይቀየር። ውጭው ባይሰነጠቅም ውስጡ ያለው ፎም አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ልብሱ ውስጥ ሲወድቁ የሚነፋው ኤርባግ የጋዝ ጣሳው ይተካ፣ በአምራቹም ይታይ። የቆዳ ልብሱ ስፌት በትከሻና በክርን በኩል ይፈተሽ። ጓንቱ መዳፉ ላይ የሚያንሸራትት ጠንካራ ፕላስቲክ ከሌለው ሌላ ይገዛ፤ መዳፍ አስፋልት ሲይዝ የሚሰበረው ያ ስካፎይድ ነውና።

የመጀመሪያው ቀን በዝግተኛው ቡድን፣ ያለ ሰዓት መለኪያ፣ እስከ ምሳ ብቻ ይሁን። የወደቁበት ኩርባ ሲቀርብ ክንድ ሳይታወቅ ይደርቃል፤ የደረቀ ክንድ መሪውን ይገፋል፣ የፊት ጎማውንም የሚያንሸራትተው ያ ግፊት ነው። ከኩርባው በፊት በረጅሙ አየር አስወጥቶ ክርኖቹን እንደ ክንፍ አንዴ ማወዛወዝ ነው። በዚያ ፍጥነት ካልተፈቱ በሚቀጥለው ዙር በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቀንሶ መግባት።