ባቡር ወጣች

እሑድ፣ መጋቢት 28

ዛሬ የቀሰቀሰኝ ስልኬም አይደለም፣ ሙቀቱም አይደለም። የእህቴ ልጅ ናት። ሁለት እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ፣ አፍንጫዋን ከአፍንጫዬ አስጠግታ፣ «አክስቴ፣ ባቡር ወጣች!» አለችኝ። መልስም አልጠበቀች። ሮጣ ሄደች። አንድ ጫማዋ አልጋዬ አጠገብ ቀረ።

እኛ ቤት ባቡር ማለት ኤሊያችን ናት። አባዬ ዕድሜውን የጨረሰው ምድር ባቡር ነው። ጡረታ የወጣ ሰሞን አንድ የድሮ ባልደረባው ይህችን ኤሊ በካርቶን ይዞለት መጣ። ያኔ መዳፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። አሁን የዶሮ ወጥ ድስት ታክላለች። ስሟን ያወጣላት አባዬ ነው። «ትዘገያለች እንጂ መድረሷ አይቀርም» ይላል። አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ያለ ነው። ለአባዬ በየቀኑ የሚያያት ባቡር ይህችው ናት።

በጋውን ሙሉ ከውሃ በርሜሉ ሥር ቆፍራ ገብታ ነበር። ድንጋይ መስላ። ልጅቷ በየማለዳው ጎንበስ ብላ «አለሽ?» ትላታለች። አንዳንዴ አንድ እግር ይንቀሳቀሳል። አንዳንዴ ምንም። ዛሬ ግን ግቢው መሃል ደርሳ፣ አንገቷን ዘርግታ፣ የሐብሐብ ልጣጭ ትገምጣለች። አፏ ዙሪያ ቀይ በቀይ ሆኗል፤ ሊፕስቲክ መቀባት የምትለማመድ ልጅ ትመስላለች። አባዬ ደረጃው ላይ ሻዩን ይዞ ያያታል።

«ዛሬ ይዘንባል» አለ።

ሰማዩን አየሁ። አንድ ደመና የለም።

«ምን አይተህ ነው?»

በአገጩ ወደ ኤሊዋ ጠቆመኝ።

ልጅቷ 7 ዓመቷ ነው። ዐርብ ዕለት 4ቱን ወቅቶች ስላችሁ ኑ ተብለዋል። ሦስቱን ጨርሳለች። ክረምቱ ጃንጥላ ነው። በጋው ትልቅ ፀሐይ ነው። መጸው ምን እንደሆነ ስላልገባት አንድ ዶሮ ስላበታለች፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም። የቀረው ጸደይ ነው። እሱ ላይ አደይ አበባ ልትስል ቢጫ እርሳስ ስትቀርጽ አባዬ አስቆማት።

«አደይ የመስከረም ናት። ጸደይ የገባው ገና ዐርብ ነው» አላት።

እውነቱን ነው። ሁላችንም መስከረም ሲጠባ ጸደይ መጣ እንላለን፤ እኔም እላለሁ፤ ካርድ ላይም እጽፋለሁ። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 በኋላ ያለው መጸው ነው። ጸደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ እርሳሷን አስቀምጣ እኔን አየችኝ። «ታዲያ ድሬ ጸደይ ምን ይመስላል?»

እዚህ ላይ አፌን ያዝኩ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ግን ያ ጥያቄ ከባድ ነው። አደይ እንኳ ከደጋ ታስራ ነው የምትመጣልን። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው፤ ለአደይ ይሞቃታል። ሠፈራችን ጥግ የሚቆም አንድ የባጃጅ ሾፌር አለ። ጠየቅነው። «አቦ፣ ድሬ ሁለት ወቅት ነው ያላት!» አለን። «ሙቀትና የባሰበት ሙቀት።»

ልጅቷ አልሳቀችም። ደብተሯን ብብቷ ሥር አስገባች። «እንፈልገው» አለችኝ። ገጹ ላይ ቀድማ «1. ባቡር ወጣች» ብላ ጽፋለች።

እማዬ ከቅዳሴ ስትመለስ እኛ ወጣን። ከዚራ ሠፈር ውስጥ የእሑድ ጠዋት ደስ ይላል። መንገዱ ዛፍ ለዛፍ ነው። ባጃጁም ገና አልተጫነም። አንድ ጥግ ላይ ፈጢራ ይጠበሳል፤ የጾም ሰው ስለሆንኩ ሽታውን ብቻ ወሰድኩ። ልጅቷ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ገዛችና ጣቶቿን እየላሰች ሄደች። የማር መዓዛ ሲመጣ መጀመሪያ ከእሷ እጅ መሰለኝ።

አይደለም። ከላይ ነው።

ቀና ስል ኒሙ አብቧል። ትንንሽ ነጭ አበባ፣ በዘለላ በዘለላ፣ ከቅጠሉ ተደብቆ። ካልፈለግከው አይታይም። መሬቱ ላይ ግን ረግፎ ሩዝ የተበተነ መስሏል። አንዲት ጽዳት ሠራተኛ በረጅም መጥረጊያ ትሰበስበዋለች፤ ከኋላዋ ደግሞ ይረግፋል። በቀን ሁለት ጊዜ በዚህ ዛፍ ሥር አልፋለሁ። ስንት ዓመት! ኒም ሲባል የማውቀው መራራነቱን ነው። ቅጠሉ መራራ፣ ልጡ መራራ፣ መፋቂያው መራራ። ልጅ ሆነን እማዬ ለእከክ ቀቅላ ታጥበን ነበር፤ ያ ሽታ እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። አበባው እንዲህ እንደሚጣፍጥ ማንም አልነገረኝም። ወይ ነግረውኝ አልሰማሁም። የሒሳብ ሥራ ላይ ያለ ሰው መንገድ ላይም ሲደምር ነው የሚሄደው።

ልጅቷ ቁጭ ብላ አበባውን ከመሬት ታፍስ ጀመር። የቀሚሷን ኪስ ሞላች። «2» ብላ ጻፈችና «ሽታ እንዴት ነው የሚሳለው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አፍንጫ ሣለች።

ከዚያ የድሬዳዋ ዛፍ ጋ ደረስን። ይህ ነገር ሁሌ ያስቀኛል። በአማርኛ ስሙ ራሱ የድሬዳዋ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባም ቢተከል፣ ባሕር ዳርም ቢተከል፣ የእኛ ነው። ትውልዱ ግን ማዳጋስካር ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ የከተማውን ስም የወሰደ! ይህን ስነግራት «ማዳጋስካር በባቡር ይኬዳል?» አለችኝ። ባሕር አለ አልኳት። አሰበችና «የእኛ ባቡር ትዋኛለች?» አለች። ያልዋኘችውን ኤሊ እያሰብን ትንሽ ቆምን።

ዛፉ ገና እርቃኑን ነው። የአምናው ፍሬ፣ እንደ ጎራዴ ረጅምና ጥቁር፣ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመጣ ይንሿሿል። አበባ የለም ልል ስል ልጅቷ አየችው። በግንቡ በኩል ያለች አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ፣ ሌሎቹን ሳታማክር፣ ቀይ አውጥታለች። አንድ አበባ ወድቆ ነበር። አነሳችውና ቅጠሎቹን ቆጠረች። አምስት። አራቱ ቀይ ናቸው፤ አምስተኛዋ ግን ነጭና ቢጫ ጣል ጣል ያለባት፣ ከወንድሞቿ የማትመስል። «ይቺ ለምንድን ነው?» አለች። እኔ ይህን ዛፍ 38 ዓመት አይቼዋለሁ። አምስተኛዋን ቅጠል ዛሬ ነው ያየኋት።

ያልፈነዳውን እንቡጥ ደግሞ ሸልቅቃ ልባሱን በምራቋ ጥፍሯ ላይ ለጠፈች። አሥር ረጃጅም ጥፍር ይዛ ቀኑን ሙሉ ምንም አልነካም ብላ እኔን «አብሪልኝ፣ ክፈቺልኝ» ስትል ዋለች።

ከዛፍ ዛፍ ስንሄድ ወፎቹ ጋ ነው ጊዜ ያጠፋነው። ቢጫዎቹ፣ ሣር እየፈተሉ ጎጆ የሚያንጠለጥሉት። የሚሠራው ወንዱ ነው። ረጅም የሣር ስንጥር በአፉ ይዞ ይመጣል፤ ያስገባል፣ ይስባል፣ ይቋጥራል፤ አንዴም እግሩ ተንሸራቶ ሊወድቅ ነበር። ሲጨርስ ከሥሩ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ይጮሃል፤ ኑ እዩልኝ ነው። ሴቷ መጣች። ገባች። ወጣች። እንደገና ገባች። ከዚያ ቦታው እንዳልጣማት ተከራይ ጥላው ሄደች። ወፉ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ ሣሩን መምዘዝ ጀመረ። «አፈረሰው!» ብላ ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። ባጃጁ ውስጥ ተኝቶ ያየን አንድ ጎረምሳ «አይዞሽ፣ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፣ ሌላ ዙር ይደርሰዋል» አላት። ሰዓቴን ሳይ 40 ደቂቃ ቆመናል። አንገቴ ደርቋል።

ቤት ስንደርስ ትልቁ ነገር ይጠብቀን ነበር።

ጎረቤታችን ፍየሎች አሏቸው። ልጅቷ «አዴ» ነው የምትላቸው። አንዷ ፍየላቸው ባለፈው ሳምንት መንታ ወልዳለች። ግልገሎቹ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው እኛ ግቢ ይገባሉ፤ አዴም «ልጆቼን መልሱ» እያሉ ከወዲያ ይጣራሉ። ዛሬ ነጩ ግልገል ገብቶ በርሜሉን አሸተተ። ደረጃውን ዘለለ። የአባዬን ተነጠላ ጫማ ቀመሰ። ከዚያ ባቡርን አገኛት። አንዴ ዞራት። ድንጋይ መስላዋለች መሰለኝ፤ አራቱንም እግሩን ሰብስቦ ጀርባዋ ላይ ወጣ።

ባቡር ቆመች። ግልገሉም ቆመ። እኛም ትንፋሻችንን ያዝን። ከዚያ ባቡር መሄድ ጀመረች። ቀስ ብላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ወደ ሐብሐቧ። ግልገሉ ላይዋ ላይ ተንገዳገደ፣ ተስተካከለ፣ «ሜ» አለ። አባዬ ከደረጃው ተነሣ። ጉልበቱን ያመዋል፤ እንዲህ ፈጥኖ ሲነሣ ካየሁት ቆይቻለሁ። እጁን አፉ ላይ አድርጎ የድሮውን የባቡር ጥሩምባ ነፋ። ልጅቷ መሬት ላይ ተንከባለለች። አዴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው አይተው እሳቸውም ሳቃቸው አሸነፋቸው፤ ልጃቸውንም ትተውልን ሄዱ። ጉዞው ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ስልኬ ቤት ውስጥ ቀርቷል። ፎቶ የለም።

ዐሥር ሰዓት ላይ በደንገጎ ተራራ በኩል ጠቆረ።

ድሬ ዝናብ የሚታወቀው በተራራው ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ሳለ እዚያ ላይ ይወርዳል፤ ከዚያ ውሃው በደቻቱ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው በእግሩ የሚያቋርጠው ወንዝ በአንዴ ይሞላል። እማዬ ጥቁረቱን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። በ1998 ክረምት፣ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ ቤታችን አልተነካም፤ የምታውቃቸው ሰዎች ግን ሄደዋል። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። እማዬ ግን ደንገጎ በጠቆረ ቁጥር አትተኛም። ጫማዋን አድርጋ በሩ አጠገብ ትቀመጣለች። እኔ ከጎርፉ ወዲህ በልግ ሲመጣ ሳየው የማስበው ይህንን ብቻ ነበር፤ ምናልባት ለዚህም ይሆናል ጸደይ የሚል ስም ሳልሰጠው የኖርኩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኛም ጋ ጣለ። ብዙ አይደለም። ቆርቆሮው ላይ እፍኝ ጠጠር የተበተነ ያህል። አቧራው ተነሥቶ ሸተተ። ባቡር ግቢው መሃል ቆማ አንገቷን ዘረጋች፤ ሲሚንቶው የተሰረጎደበት ቦታ ያቆረውን ውሃ አፏን ነክራ ጠጣች፤ ረጅም ጊዜ። አባዬ «አላልኳችሁም?» አለ። አራት ጊዜ አለ።

ልጅቷ ሥዕሏን ጨርሳ አሳየችኝ። በርሜል አለ። ኤሊ አለ። ኤሊዋ ላይ ፍየል አለ። ከላይ አንድ ትልቅ አፍንጫ ተንሳፍፏል። ጥግ ላይ ጫማ ያደረገች ሴት በር አጠገብ ተቀምጣለች። «እማማ ናት» አለችኝ። «እሷም በየጸደዩ ትወጣለች።» ምን እንደምላት ጠፋኝ። ነገ መምህሯ ምን እንደሚሉም እንጃ።

አሁን አራት ሰዓት ሆኗል። ልጅቷ ተኝታለች። ቀሚሷን ላጥብ ኪሷን ስፈትሽ ያ ኒም ሁሉ አለ። ጠውልጓል፤ ሽታው ግን ብሶበታል። በእጄ ይዤው ወደ በሩ ሄድኩ። እማዬ በጨለማ ተቀምጣለች። ደቻቱ በሩቁ ይሰማል፤ ትንሽ ነው፤ የእግር ውሃ።

«የምን ሽታ ነው እሱ?» አለችኝ።

መዳፏ ላይ አደረግኩላት። አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

«ኒም ነው።»

«ኒም? አትዋሺ!» አለችና እጇን ጨበጠች። ከዚያ ወንበሯን ትንሽ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ። «ሁለት ደቂቃ ብቻ። ነገ ሥራ አለሽ።»