ኮሮላ ቲ ስፖርቴን ጎንደር ላይ ዝቅ ያደረግኩበት መንገድ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የእኔ ኮሮላ ቲ ስፖርት ወረቀቱ ላይ 192 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ያማሃ የተሳተፈበት 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ ስድስት ማርሽ። ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለውን የኮሶዬን ዳገት ስይዝ ግን ያ ሁሉ ጉልበት አይገኝም። ኩርባ ላይ የቦታው ከፍታ የሚወስድብኝ ነገር የለም፤ እዚያ የሚያስቸግረኝ የመኪናው መዘንበል ነበር። ስለዚህ ገንዘቤን መኪናውን ዝቅ ለሚያደርግ ሞላ (ስፕሪንግ) አዋልኩት።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እንዲህ ያለ መኪና በእጁ ያለ ሰው ሌላ አገኛለሁ ብሎ አያስብም። የሚነካውን ሁሉ አስቦ መንካት አለበት።

መጀመሪያ የወሰንኩት ምን ያህል ዝቅ እንደማደርገው ነው። ገበያ ላይ እስከ 50 እና 60 ሚሊ ሜትር የሚያወርድ ሞላ አለ። ፎቶ ላይ ያምራል። የእኛን ከተማ የውስጥ መንገድ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኮብልስቶኑ ቦታ ቦታ ሰምጧል፣ የፍጥነት መቀነሻው ጉብታ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ በየግቢው በር ፊት ቦዩ ይሰፋል። ሆዱ ሥር ዝቅ ብሎ የሚገኘውን ቦታ ለካሁና 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ በየቀኑ የምሄድበትን መንገድ ሳይነካ እንደሚያልፍ አረጋገጥኩ። ከዚያ በላይ ለጎንደር አይሆንም፤ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ሞላውን ጀርመን ያለ ዘመዴ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከማዘዜ በፊት ያጣራሁት የመኪናውን ዓመትና ስም ብቻ አልነበረም፤ ሞላው ለየትኛው ሞተርና ለምን ያህል የፊት ክብደት እንደተሠራም ጠየቅኩ። የዚያው ዘመን ኮሮላ በናፍጣም ይመጣል፤ የናፍጣው ሞተር ከባድ ስለሆነ የእርሱ ሞላ ጠንካራ ነው። ያንን የቤንዚን መኪና ላይ ብትገጥመው ፊቱ ቀና ብሎ ይቀራል።

ብዙ ሰው «የራሱን ሞላ በግራይንደር ቆርጠህ አትጥልም?» ይለኛል። ይህን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሲደረግ ዓይቻለሁ። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ላይ ልክ ሆኖ እንዲያርፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሲቆረጥ ያ ማረፊያ ይጠፋል። ጎማው ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ደግሞ ያጠረው ሞላ ይላቀቅና ከመቀመጫው ይወጣል። ተመልሶ ሲወድቅ የት እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም። በእሳት ሞቆ እንዲወርድ ማድረግማ የባሰ ነው፤ ብረቱ የተጠነከረበት ሙቀት ይበላሽና ሞላነቱ ያልቃል። ለዝቅታ ተብሎ የተሠራ ሞላ ሾኩ ተዘርግቶም በትንሽ ጫና ተይዞ ይቆያል። አጠር ብሎ ጠንከር ያለውም ለዚሁ ነው፤ የቀረውን አጭር መንገድ በቶሎ እንዳይጨርሰው።

ሥራውን የጀመርነው አዘዞ መንገድ ላይ ባለ ጋራዥ፣ አባቴን በሚያክሉ መካኒክ እጅ ነው። ዋዜማውን ዝገት ማላቀቂያ ዘይት በየቡሎኑ ረጭቼ አሳደርኩት። ጠዋት፣ ምንም ሳንፈታ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም በኩል ለክቼ ጻፍኩ። ከመሬት የማይለካው የጎማ ነፋስና የጎማ ማለቅ ልኩን ስለሚያዛባ ነው።

የፊቱ ሥራ ዋናው ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ የፍሬን ቱቦውንና የኤቢኤስ ሽቦውን ከሾኩ ላይ አላቀቅን፤ ኩርባ ላይ መኪናው እንዳይዘነብል የሚይዘውን የስቴብላይዘር ዘንግ ፈታን። ሾኩን ከናክሉ (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር የሚያይዙትን ሁለት ትልልቅ ቡሎኖች ከመፍታታችን በፊት በነጭ ቀለም ምልክት አደረግንባቸው፤ ሲመለስ ጎማው ከነበረበት ማዕዘን ብዙ እንዳይርቅ። ናክሉ በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል ሥሩ ግንድ አስገባን። ከዚያ ኮፋኖው ተከፍቶ ላይ ያሉት ሦስቱ ዳዶዎች ይፈታሉ። መሐል ላይ ያለው አራተኛው ዳዶ ሞላው ሳይጨመቅ ፈጽሞ አይነካም። ሞላውን አፍኖ የያዘው እርሱ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ መጭመቂያውን ከሁለቱም በኩል እኩል እያጠበቅን ብንሄድ ይሻላል?» አልኳቸው።

«እኩል ነው እንጂ፣ ልጄ። ደግሞ ፊትህን አትስጠው፤ ከጎኑ ቁም» አሉኝ።

ይህን ምክር ቁጥር ስጠው ክብደቱ ይታያል። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጭመቅ 2.5 ኪሎ የሚጠይቅ ሞላ 10 ሴንቲ ሜትር ሲጨመቅ የ250 ኪሎ ጫና ይይዛል። መጭመቂያው ቢያመልጥ የሚመጣው ያ ነው። በሽቦ ወይም በገመድ ታስሮ የሚሠራበት ቦታ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

ሞላው ሲወጣ የላይኛውን መቀመጫና ኩሽኔታውን በእጃችን አዞርናቸው። የግራው ኩሽኔታ ይንቋቋል። የዚህ ኮሮላ ትውልድ አገራችን ውስጥ ብዙ ስለሆነ አዲሱ ከዕቃ መደብር በቀላሉ ተገኘ። አቧራ መከላከያውንና ሾኩ ሲቀመጥ የሚያርፍበትን ጎሚኒም አብሬ ቀየርኩ። አንዴ ከተፈታ በኋላ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ በኋላ ለእነርሱ ብሎ እንደገና መፍታት ግን ሙሉ ሥራውን መድገም ነው። አዲሱ ሞላ ሲገባ ጫፉ በታችኛው መቀመጫ እርከን ላይ ልክ መግባቱን በጣቴ እየዳሰስኩ አረጋግጫለሁ።

የኋላው ቀላል ነው። ሞላው በሾኩ ዙሪያ ስለሆነ የላዩ ከውስጥ፣ ከወንበሩ ጎን ያለው ፕላስቲክ ተነሥቶ ይፈታል፤ የታቹ አንድ ቡሎን ነው። የኋላ አክስሉ አንድ ወጥ ስለሆነ ሁለቱን ጎን አንድ ላይ አወረድን።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ነገር። የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ) እና የሾክ ጎሚኒዎች ውስጣቸው ከብረት ጋር የተጣበቀ ነው፤ ቡሎኑ በጠበቀበት ቁመት ላይ ይቆለፋሉ። መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ብታጠብቃቸው መሬት ሲነካ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል፤ እንደተጠመዘዘ እየሠራ ውሎ አድሮ ይቀደዳል። የድሮው ቁመት ላይ የጠበቀውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የፊት ብራቾውንም ቡሎን አላላነው፤ መኪናውን በጎማው አቁመን ፊትና ኋላውን እየተጫንን አናወጥነው፤ ከዚያ ሥሩ ገብተን በመመሪያው ልክ አጠበቅን። ይህን ብዙ ጋራዥ ይዘለዋል። ሞላ ቀይረው በዓመቱ «መኪናዬ ይንኳኳል» የሚሉ ሰዎችን ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ስለዚህ ነው።

አዲስ ሞላ ወዲያው ቁመቱን አይዝም። ጥቂት ሳምንት ነድቼ ስለካው ፊቱ 28፣ ኋላው 24 ሚሊ ሜትር ወርዶ ነበር። ዊል አላይመንት ያስደረግኩት ያኔ ነው። በዚህ ዓይነት የፊት እግር መኪና ሲወርድ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የጎማዎቹ አቅጣጫም ይለወጣል። ማዘንበሉን ወድጄዋለሁ፤ ኩርባ ላይ ይይዛል። አቅጣጫው ካልተስተካከለ ግን የጎማውን የውስጥ ጠርዝ በአጭር ጊዜ ይበላዋል፣ ዛሬ ጎማ ደግሞ በስንት እንደሚሸጥ ታውቃላችሁ። የፊት መብራቱንም ግድግዳ ላይ አይቼ አስተካከልኩ።

ወደ ደባርቅ በሚወስደው አስፋልት፣ ኮሶዬ ያሉት ኩርባዎች ላይ ለውጡ ግልጽ ነው። ድሮ መሪውን ስታዞር መጀመሪያ ገላው ይዘነብል ነበር፣ ከዚያ ነው አፍንጫው የሚታዘዘው። አሁን እንዳዞርክ ይገባል። ፍሬን ስትይዝም ፊቱ እንደ ቀድሞው አይደፋም። ከተማ ውስጥ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ኮብልስቶን ላይ በዝግታ ስትሄድ እያንዳንዱ ድንጋይ ወንበር ላይ ይሰማል። የኋላ ወንበር የምትቀመጠው እናቴ «ይኼ መኪና ምን ነካው?» ብላለች፣ እውነቷን ነው።

ሾኩ ምን ያህል መንገድ እንደቀረው ለማወቅ ከአቧራ መከላከያው ሥር፣ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬ ነበር። ሾኩ ሲገባ ማሰሪያውን ይገፋዋል፤ ሲመለስ ማሰሪያው የደረሰበት ይቀራል። ብቻዬን ስነዳ በፊትም በኋላም በቂ ቦታ ይተርፋል። ለጥምቀት እንግዶች መጥተው መኪናው በሰውና በሻንጣ ሲሞላ ግን የኋላው ማሰሪያ ጎሚኒው ድረስ ተገፍቶ አገኘሁት። የፋብሪካው ሾክ ለዚህ ቁመት ረዘም ይላል ማለት ነው። ፊቱን እንዳለ ትቼ ለኋላው አካሉ አጠር ያለ ሾክ አዝዣለሁ፤ እስኪደርስ ከኋላ ከሁለት ሰው በላይ አልጭንም።