«ትናንት» ከማን ጋር ይሂድ?

እዚህ ጅማ የማስጠናቸው ልጆች ዓረፍተ ነገር በመስመር ሲተነትኑ (ቃላቱን እንደየሥራቸው በመስመሮች ላይ ሲያሰፍሩ) ተውሳከ ግስ ላይ ሲደርሱ ግራ ይገባቸዋል። እስቲ ይቺን እዩልኝ፦ «ትናንት ከሊሙ የመጣው ነጋዴ ቡና ገዛ።» ትናንት የሆነው የቱ ነው፣ መምጣቱ ወይስ መግዛቱ? እንዲህ ከተጻፈ ሁለቱም ያስኬዳል። «ትናንት፣ ከሊሙ የመጣው ነጋዴ ቡና ገዛ» ካልን ግን ነጠላ ሰረዙ «ትናንት»ን ከ«የመጣው» ይለየዋል፤ ስለዚህ «ገዛ» ሥር በሰያፍ መስመር ይንጠለጠላል። አሜሪካውያኑ መምህራን ሪድና ኬሎግ በ1877 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝኛ ያስተዋወቁት ይሄ ስልት ሰረዙን ራሱን አይስለውም፣ ሰረዙ የሚጠቅመን መስመር ከማስመራችን በፊት ስናነብ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሰረዝ ከመጨመር ቃሉን ወደ ግሱ ማስጠጋት ይሻላል፦ «ከሊሙ የመጣው ነጋዴ ትናንት ቡና ገዛ።» አሁን ማንም አይሳሳትም።